አንድ ሞዴል፣ ሦስት ቅጥያ፦ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ መፈተሻ መሣሪያዎች በየአገሩ ለምን ይለያያሉ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ በሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የተሰማሩ ባለሙያ ናቸው። የኢንሱሌሽን (የሽቦ ሽፋን)፣ የኧርዝ (የመሬት ሽቦ)፣ የሉፕ (ብልሽት ሲደርስ ከረንት የሚዞርበት መንገድ) እና የአርሲዲ (ከረንት ወደ መሬት ሲያመልጥ መስመሩን የሚያቋርጥ መከላከያ) ፍተሻን በአንድነት የሚሠራ መሣሪያ ለመግዛት ሲያፈላልጉ ያው ሞዴል በሦስት መልክ ቀርቦላቸዋል። አንደኛው ዘመዳቸው ከእንግሊዝ አገር ሊልኩላቸው ያሰቡት ያገለገለ ዕቃ ነው። ሁለተኛው የአውሮፓ ክብ ስፒና ያለው አዲስ መሣሪያ ሲሆን ዋጋውም ከሁሉ ይበልጣል። ሦስተኛው እዚያው ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ያለ ካርቶንና ያለ መመሪያ የሚሸጥ ነው። የሞዴል ቁጥራቸው አንድ ሆኖ መጨረሻው ላይ ያለችው ቅጥያ ፊደል ብቻ ትለያያለች። «ልዩነቱ ስፒናው ብቻ ከሆነ አዳፕተር ገዝቼ ርካሹን ብወስድ ምን ይጎዳኛል?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ልዩነቱ ስፒናው ብቻ አይደለም፤ ስፒናው ለዓይን የሚታየው ክፍል ነው እንጂ። መሣሪያው የሚለካው ኦምም ሆነ ሚሊሰከንድ በየትኛውም አገር ያው ነው። ከቁጥሩ ጎን የሚወጣው «አልፏል» ወይም «ወድቋል» የሚል ምልክት ግን መሣሪያው እንዲሸጥበት የታሰበው አገር ደንብ የሰጠው ፍርድ ነው። ስለዚህ ምርጫው የሚወሰነው ያ ደንብ ለድሬዳዋ ቤት ምን ያህል ይገጥማል በሚለው ላይ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም የሚጋሩትን እንይ። ስም ያላቸው አምራቾች የሚያወጧቸው የዝርጋታ መፈተሻዎች የሚቆሙት በሁለት ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ላይ ነው፤ የመሣሪያውን ደኅንነት በሚመለከተው አይኢሲ 61010 እና የመለኪያውን ዘዴ በሚወስነው አይኢሲ 61557። ይህ ሁለተኛው፣ ለምሳሌ፣ የኧርዝ ሽቦ ቀጣይነት ሲፈተሽ ቢያንስ 200 ሚሊአምፔር እንዲፈስ፣ የኢንሱሌሽን መፈተሻም በተሰየመበት ቮልቴጅ ቢያንስ 1 ሚሊአምፔር ለመስጠት የሚችል እንዲሆን ያዛል። አምራቹ ለእንግሊዝ፣ ለጀርመንና ለኢጣሊያ ለየብቻ ሰርኪዩት የሚነድፍበት ምክንያት ስለሌለው፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦርድ ሠርቶ በውስጡ የሚጫነውን ሶፍትዌር፣ አብሮ የሚሸጠውን ገመድ፣ የፊት ገጹን ጽሑፍና መመሪያውን ይለዋውጣል። ቅጥያ ፊደሏ የምትነግርዎ ይህንኑ ስብስብ ነው። ሁለት ቅጥያ ያላቸው መሣሪያዎች አንድ ሶኬት ላይ ተራ በተራ ቢሰኩ ተቀራራቢ ንባብ ሊሰጡ ይገባል፤ ካልሰጡ ምክንያቱን መፈለግ ያለብዎ በገመዱ ወይም በካሊብሬሽኑ (ንባቡ ከታወቀ ልክ ጋር በሚመሳከርበት ሥራ) ላይ ነው።

ዋናው ልዩነት የሚጀምረው ከኧርዝ ሥርዓቱ ነው። በእንግሊዝ አገር በብዙ ቤቶች ኧርዝ የሚመጣው ከኤሌክትሪክ አቅራቢው ነው፤ ቲኤን-ሲ-ኤስ በሚባለው አሠራር ኒውትራልና ኧርዝ እስከ ቤቱ መግቢያ በአንድ መስመር ተጣምረው ይመጡና እዚያ ይለያያሉ። አቅራቢዎቹ ለዚህ ዓይነቱ መስመር ከቤት ውጭ ላለው የሉፕ ክፍል የሚጠቅሱት የተለመደ ከፍተኛ መጠን 0.35 ኦም ነው። በፈረንሳይ፣ በኢጣሊያና በጃፓን ግን እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱን ኧርዝ የሚቀብርበት የቲቲ ሥርዓት የተለመደ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ ኒውትራል የሌለው የአይቲ ሥርዓት በሰፊው ስለሚገኝ፣ ለዚያ ገበያ የሚላከው መሣሪያ በሁለት ፌዞች መካከል ተሰክቶ መሥራት አለበት፤ ኒውትራል ሲያጣ «የሽቦ ስህተት» እያለ ሥራ የሚያቆም መሣሪያ እዚያ ዋጋ የለውም።

እኛ ጋ ስንመጣ፣ ከፖሉ ወደ ተራ መኖሪያ ቤት የሚገባው ብዙውን ጊዜ ፌዝና ኒውትራል ብቻ ሲሆን ኧርዙ ግቢ ውስጥ የተመታው ዘንግ ነው፤ ዘንግ ከተመታ ማለቴ ነው። ይህ በተግባር ቲቲ ነው። አሁን የእንግሊዙን መሣሪያ በፋብሪካ አሞላሉ አንድ ሶኬት ላይ ሰክተው የሉፕ ንባቡ 64 ኦም ሆነ እንበል። መሣሪያው በእንግሊዙ የዝርጋታ ደንብ በቢኤስ 7671 ሠንጠረዥ ለሲ 16 (ባለ 16 አምፔር) ብሬከር የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን 1.37 ኦም መሆኑን ስለሚያውቅ ያለ ማመንታት «ወድቋል» ይላል። ብሬከሩን በሚመለከት እውነቱን ነው፤ ፌዝ የአንድ ምጣድ ቆርቆሮ ቢነካ በ220 ቮልት የሚፈሰው 3.4 አምፔር ገደማ ብቻ ስለሚሆን፣ በቅጽበት ለመዝለል እስከ 160 አምፔር ሊፈልግ የሚችለው ብሬከር ዝም ብሎ ይቀመጣል። ነገር ግን ያው ሰርኪዩት በደህና 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ የሚጠበቅ ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው፤ 64 በ0.03 ሲባዛ በሚነካው ቆርቆሮ ላይ የሚታየው ቮልቴጅ (የንክኪ ቮልቴጅ) ወደ 1.9 ቮልት ይመጣል፣ ወሰኑ ደግሞ 50 ቮልት ነው። ስለዚህ አርሲዲው በራሱ ፍተሻ ጊዜውን ጠብቆ እስከዘለለ ድረስ ያው 64 ኦም በቲቲ ደንብ ያልፋል።

ከመክፈልዎ በፊት መጀመሪያ ሊያረጋግጡ የሚገባው ይህን ነው፦ የመሣሪያው ሜኑ ከቲኤን (ኧርዙ ከአቅራቢው ከሚመጣበት ሥርዓት) ወደ ቲቲ ይቀየራል ወይ? የንክኪ ቮልቴጅ ወሰኑስ 25 ወይም 50 ተብሎ ይመረጣል ወይ? በአንዳንዱ ሞዴል ይህ ለተጠቃሚው ክፍት ነው፤ በአንዳንዱ በፋብሪካ ወይም በአገልግሎት ማዕከል ብቻ ይለወጣል። ሜኑው የማይቀየር ከሆነ መሣሪያው አይረባም ማለት አይደለም፤ ቁጥሩን አንብበው ስሌቱን ራስዎ ይሠራሉ ማለት ነው። በአርሲዲ ስሌት ብቻ ከሄድን ወሰኑ 1,667 ኦም ይደርሳል፤ ይሁን እንጂ የእንግሊዙ ደንብ ራሱ ከ200 ኦም በላይ የሆነ የኧርዝ ዘንግ ላይረጋ እንደሚችል ያሳስባል። የድሬዳዋ አሸዋማ አፈር በበጋ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው ይህ ማሳሰቢያ የተጋነነ አይደለም። በክረምት ዝናብ ማግስት የተለካ ኧርዝ ላይ እኔ አልፈርምም። የራሳቸው ትራንስፎርመር ያላቸው ፋብሪካዎችና ትልልቅ ሕንፃዎች ግን ብዙ ጊዜ ኧርዙን ከትራንስፎርመሩ በተለየ ሽቦ ስለሚያመጡ፣ እዚያ የአንድ ኦም ክፍልፋዮች ትርጉም አላቸው፤ የእንግሊዙ ሠንጠረዥም በአግባቡ ያገለግላል።

ሁለተኛው የተደበቀ ልዩነት የአርሲዲው ዓይነት ነው። በጀርመን ለተራ ተለዋዋጭ ከረንት ብቻ የሚሠራው ኤሲ የሚባለው ዓይነት ለጥበቃ አይፈቀድም፤ የተለመደው ኤ ዓይነት ነው። ስለዚህ ለዚያ ገበያ የተዘጋጀ መሣሪያ ሲከፈት በኤ ዓይነት፣ ማለትም በግማሽ ሞገድ በሚቆራረጥ ከረንት፣ እንዲፈትሽ ተሞልቶ ሊመጣ ይችላል። በእኛ ሱቆች የሚገኙት አርሲዲዎች ግን ብዙዎቹ ኤሲ ናቸው። ኤሲ የሆነውን በኤ ሞገድ ቢፈትሹት ላይዘል ይችላል፤ ደህናውን ዕቃ «ተበላሽቷል» ብለው ያስቀይራሉ ማለት ነው። የአርሲዲው ፊት ላይ የተሳለውን ምልክት ይመልከቱ፤ ሞገዷ ብቻ ካለች ኤሲ ነው፣ ከሥሯ የግማሽ ሞገድ ምልክት ከተጨመረ ኤ ነው። እንግሊዞች በ2022 ባወጡት የቢኤስ 7671 ማሻሻያ ጉዳዩን አቅልለውታል፤ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን በተራ ተለዋዋጭ ከረንት፣ በተሰየመው መጠን ተፈትሾ፣ ለጠቅላላ አገልግሎት የሚውለው አርሲዲ በ300 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከዘለለ በቂ ነው ይላሉ። ከዚያ በፊት የተሠራ የእንግሊዝ መሣሪያ በአምስት እጥፍ ከረንትም እየፈተሸ 40 ሚሊሰከንድን ይጠብቃል። ለእኛ ሁለቱም ይሠራሉ፤ የትኛውን እንደተጠቀሙ ግን በሪፖርቱ ይጻፍ።

ወደ ስፒናውና ወደ አዳፕተሩ ልመለስ፤ ትልቁ አደጋ እዚህ ስላለ። የእንግሊዝ ባለ ሦስት አራት ማዕዘን ስፒና በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል፤ ፌዝ የት እንደሚሆን የታወቀ ስለሆነ መሣሪያው ቦታው ተለውጦ ሲያገኘው እንደ ዝርጋታ ስህተት ይቆጥረዋል። የአውሮፓው ክብ ስፒና ግን ተገልብጦም ይገባል። ስለዚህ ለዚያ ገበያ የተሠራው መሣሪያ ፌዙ በየትኛው ቀዳዳ እንዳለ ራሱ ፈልጎ ይለያል፤ ብዙዎቹም ኧርዙ ራሱ ፌዝ ተሸክሞ እንደሆነ በጣት በመንካት የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ አላቸው። በእኛ ከተሞች አንድ ቤት ውስጥ ኧርዝ የሌለው ባለ ሁለት ቀዳዳ፣ ባለ ኧርዝ ክብ ሶኬትና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ የእንግሊዝ ዓይነት ዲቫይደር ጎን ለጎን ይገኛሉ። የገበያው የጉዞ አዳፕተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፌዝና ኒውትራልን ብቻ ያሻግራል፤ የኧርዙ እግር ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ የትም ሳይደርስ ይቀራል። መሣሪያው በዚያ አዳፕተር ላይ ተሰክቶ «ኧርዝ የለም» ሲል ጥፋቱ የቤቱ ይሁን የአዳፕተሩ መለየት አይቻልም። ስለዚህ አዳፕተሩን ይተዉት። ከመሣሪያው ጋር ሦስት የተለያዩ የመፈተሻ ገመዶች ካሉ፣ ፓወሩን አጥፍተው በአዞ አፍ መቆንጠጫ ሶኬቱ ተርሚናል ወይም ፓኔሉ ላይ ይያዟቸው፤ ከዚያ ከፍተው ይለኩ። ወይም የአውሮፓውን ገመድ ከራሱ ከአምራቹ ይግዙ። እንደ ጀርመኑ ጎሰን ሜትራዋት ያሉ አምራቾች ይህን አስቀድመው አስበውበት ለየአገሩ የሚቀያየር የስፒና ጫፍ ብቻውን ይሸጣሉ። ገመድ በቀየሩ ቁጥር የገመዱን ሬዚስታንስ ዜሮ ማድረግ አይርሱ፤ ለ64 ኦም ምንም አይደለም፣ ለ0.3 ኦም ግን የገመዱ 0.1 ኦም የንባቡ ሲሶ ነው።

በቮልቴጅ በኩል የእኛ 220/380 ከአውሮፓው 230/400 ብዙም አይርቅም፤ መሣሪያውን የሚጎዳ ነገር የለም። ነገር ግን የሾርት ሰርኪዩት ከረንትን መሣሪያው የሚያገኘው ቮልቴጅን ለሉፕ በማካፈል ስለሆነ፣ የትኛውን ቮልቴጅ እንደሚወስድ ማወቅ ያስፈልጋል። 0.40 ኦም በ230 ሲሰላ 575 አምፔር፣ በ220 ሲሰላ 550 ይሆናል፤ እንግሊዝ የስም ቮልቴጇን ከ240 ወደ 230 ከማውረዷ ከ1995 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ አሮጌ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ 600 ሊል ይችላል። ይበልጥ የሚያስቸግረው ሌላው ነገር ነው። አንዳንድ መሣሪያዎች ለአርሲዲ ፍተሻ ከ195 እስከ 253 ቮልት ካላገኙ አልሠራም ይላሉ። አምሽቶ፣ ሁሉም ቤት ምጣድና ማራገቢያ በሚሠራበት ሰዓት፣ በመስመሩ ጫፍ ላይ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ጠዋት ይመለሱ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣውን ባለ ሦስት መብራት የሶኬት መፈተሻ በምንም አዳፕተር እዚህ እንዳይሰኩ። የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ በ220 ሲሰካ በውስጡ ባለው ሬዚስተር የሚያልፈው ከረንት ወደ 1.8 እጥፍ፣ ሙቀቱ ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። የመዝለያ ቁልፉም የተሰላው በ5 ሚሊአምፔር አካባቢ ለሚዘል የአሜሪካ መከላከያ ስለሆነ ስለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ የሚነግርዎ ነገር የለም። ለጃፓን የቤት ውስጥ ገበያ በተሠሩ የኢንሱሌሽን መፈተሻዎች ላይ ደግሞ 125 ቮልት የሚል መደብ ያገኛሉ፤ የዚያ አገር የቤት መስመር 100 ቮልት ስለሆነ ነው። ለእኛ መስመር የሚፈለገው የ500 ቮልት መደብ ሲሆን በአይኢሲ 60364 ዝቅተኛው ውጤት 1 ሜጋኦም ነው፤ በአሮጌ መሣሪያ የተሞላው ወሰን 0.5 ከሆነ የቆየው ደንብ እንደሆነ ይወቁ። የ50 እና የ60 ኸርዝ ጉዳይ ግን ብዙ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። አንድ መለኪያ ንባቡን በ100 ሚሊሰከንድ ውስጥ ቢያጠራቅም፣ በዚያ ጊዜ 5 ሙሉ የ50 ኸርዝ ወይም 6 ሙሉ የ60 ኸርዝ ዑደቶች ስለሚያልፉ የሁለቱም ሁካታ ራሱን በራሱ ያጠፋል፤ አምራቹም ለሁለቱም አገር አንድ ዕቃ ይሸጣል።

የኧርዝ መለኪያው ላይ ድግግሞሽ ትርጉም ያገኛል። መሣሪያው ወደ መሬት የሚልከው ሞገድ ለምሳሌ 128 ኸርዝ የሚሆነው የ50ም የ60ም ብዜት ስላልሆነ ነው። ከአዲስ አበባ ጂቡቲ የሚሄደው የባቡር መስመር በ25 ኪሎቮልት፣ በ50 ኸርዝ የሚሠራ ስለሆነ፣ በመስመሩ አቅራቢያ የባዘነ ከረንት በመሬት ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ንባቡ የሚዋልል ከሆነ ባቡሩ ካለፈ በኋላ ይድገሙት። ሐረር ጁገል ውስጥ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ በድንጋይ በተነጠፉት ጠባብ መንገዶች ለኧርዝ መለኪያው የሚያስፈልጉት ሁለት ረዳት ካስማዎች የሚመቱበት ቦታ የለም። ያለ ካስማ በመቆንጠጥ ብቻ የሚለካው ክላምፕ ለእንዲህ ዓይነቱ ከተማ የተሠራ ይመስላል፤ ሆኖም የሚሠራው ኧርዙ ከሌሎች ኧርዞች ጋር ተያይዞ ዙር ሲፈጥር ብቻ ነው። ብቻውን በቆመ የቲቲ ዘንግ ላይ ቢቆነጥጡት የተቋረጠ መስመር ያሳያል። እዚያ የሚያዋጣው የሉፕ ፍተሻው ነው፤ ውጤቱ የትራንስፎርመሩን ኧርዝ ጨምሮ ስለሚመጣ ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ በእርግጠኝነት አያንስም።

አምራቾች መሣሪያቸውን ለደንብ ያስማማሉ፤ ለአየር ጠባይ ግን ያን ያህል አይጨነቁም። የአንድ ተራ መልቲሜትር ትክክለኛነት የተጻፈው ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላለ ክፍል ነው፤ ከዚያ ውጭ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የስህተቱ መጠን አንድ አሥረኛ ይጨመር ይላል መመሪያው። በግንቦት ቀትር 38 ዲግሪ በደረሰ የፓኔል ክፍል ውስጥ 10 ዲግሪ ስላለፉ የተጻፈው ስህተት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ብዙዎቹ ከ40 ዲግሪ በላይ እንዲሠሩም አይፈቅዱም፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቶ መሄድማ አይታሰብም። ከፍታውም እንዲሁ ነው። የተለመደው ወሰን 2,000 ሜትር ነው፤ ድሬዳዋ 1,200 አካባቢ፣ ሐረር 1,885 ገደማ ስለሆኑ አንደርስበትም። ሥራ ወደ አዲስ አበባ ከወሰድዎ ግን ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ደረጃው ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ በውስጥ ክፍሎች መካከል ያለው ርቀት 1.14 እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ለዚያ ከፍታ ዝቅ ያለ የካት ደረጃ (መሣሪያው የሚችለውን ቅጽበታዊ የቮልቴጅ ግፊት የሚያመለክት) የሚሰጡ አምራቾች ስላሉ መመሪያውን ይመልከቱ።

ስለ ሦስተኛው ዕቃ ብዙ አልልም። ሲኢ የሚለው ምልክት የአምራቹ የራሱ መግለጫ ነው፤ ዩኤል ወይም ሲኤስኤ ግን በሌላ ወገን ተፈትሾ የሚሰጥ ነው፤ ሁለቱንም ማተም ለአስመሳይ ቀላል ነው። ካት 3፣ 600 ቮልት የሚል ጽሑፍ ዕቃው የ6,000 ቮልት ቅጽበታዊ ግፊት ችሎ ተፈትኗል ማለት ነው። ሻጩ ከፈቀደልዎ ክዳኑን ከፍተው ፊውዙን ይዩ፤ ቀጭን የብርጭቆ ፊውዝ ካገኙ ያ ጽሑፍ ሐሰት መሆኑን ለመገመት ሌላ ማስረጃ አያሻም። የመፈተሻው ጫፍም ለካት 3 ከ4 ሚሊሜትር በላይ እርቃኑን መውጣት የለበትም። ቢጫ ቀለሙ አያታልልዎ። ፍሉክ በአሜሪካ ያን የቀለም አቀማመጥ በንግድ ምልክትነት ስላስመዘገበ በ2014 እ.ኤ.አ. የሌላ ድርጅት ቢጫ መልቲሜትሮች እዚያ ጉምሩክ ላይ ታግደዋል፤ እኛ ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለም።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ገንዘቡ ካለ ሁለተኛውን፣ ባለ አውሮፓ ስፒናውን ይውሰዱ፤ ስፒናውም ሆነ ፌዝ ፈላጊነቱ ለሶኬቶቻችን ይቀርባል፤ ሲከፍቱት ግን የአርሲዲውን ዓይነት ኤሲ ላይ ያድርጉት። ካልሆነም ከእንግሊዝ የሚመጣው መጥፎ አይደለም፤ ዘመድዎ ከመላካቸው በፊት ቲቲ የሚል ሜኑ እንዳለው፣ ሦስቱ ነጠላ ገመዶች አብረውት እንዳሉና የቅርብ ጊዜ የካሊብሬሽን ወረቀት እንዳለው ፎቶ አንስተው እንዲያሳዩዎ ይጠይቋቸው። እዚህ ሲደርስ ቀጣዩን ካሊብሬሽን አዲስ አበባ ባለው የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ወይም ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪ ማሠራት ይቻላል፤ ሲልኩት ገመዶቹን ሁሉ አብረው ይላኩ። በርክክብ ሪፖርትዎ ላይ ደግሞ የመሣሪያውን የማለፍ ምልክት ሳይሆን ቁጥሩን፣ የኧርዝ ሥርዓቱን፣ የተለካበትን ወርና ወሰኑ የተወሰደበትን ደንብ ይጻፉ። አማካሪው በእ.ኤ.አ. 1995ቱ የኢትዮጵያ ሕንፃ ደንብ ኢቢሲኤስ 10 የሚሄድ ከሆነ በዚያ፣ በአይኢሲ የሚሄድ ከሆነ በዚያ ያመሳክረዋል።